የሬኮ ዳገት ማርሽ

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለልጄ ለታረቀኝ ባልቻ፣ አስመራ

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እናትህ አልጣሽ ደህና ናት፤ «ማን ያበስልለታል» እያለች መጨነቋን ግን አልተወችም። እኛም ዝናቡ ቡናውን ሳያበላሽብን አለፈልን፤ ምስጋና ለእርሱ ይሁን።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ጉልበቴ ደህና ነው፤ የበዛው ዳገቱ ነው። እስከ ይርጋጨፌ ድረስ እንደ ድሮዬ እነዳለሁ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ከዛፍ ሥር አርፋለሁ። ከይርጋጨፌ አልፌ ወደ ሬኮ ስወጣ ግን ያቺ ቀይ ዳገት አለች፣ ታውቃታለህ፤ እዚያ ስደርስ እወርድና እገፋለሁ። የሬኮ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩኝ «ወንጌላዊው ብስክሌቱን ይዞት መጣ» ይላሉ። በፊት ብስክሌቱ ነበር እኔን ይዞ የሚመጣው።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች፣ በተለይም አቶ ይርጉ፣ «ሬኮን ለወጣቱ ወንጌላዊ ለተሻለ እንስጠውና አንተ እዚህ ዲላ አገልግል» ብለውኛል። ተሻለ መልካም ልጅ ነው፣ እግሩም ገና ጠንካራ ነው። ሬኮ ግን የእኔ ናት። መጀመሪያ ወንጌል ይዤ ስሄድ በዱላ ያባረሩኝም፣ በኋላ ቆጮ ያበሉኝም እነሱ ናቸው። አሁን ሄጄ እንዳላያቸው የከለከለኝ አንድ ዳገት ነው ብዬ ለጌታ እንዴት እነግረዋለሁ?

ስለዚህ ለሽማግሌ እግር የሚሆን ቀለል ያለ ማርሽ እዚያ ካለ ላክልኝ። የሚቻልህ ከሆነ ደግሞ አንተው ይዘኸው ና። ካየሁህ ቆየሁ፤ መልክህን የማስታውሰው ከፎቶግራፉ ሆኗል።

አባትህ ባልቻ

ይህን የጻፍኩት እንደ ሁልጊዜው እኔ እህትህ ዘነቡ ነኝ። አባባ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ማንበብ እንጂ የእጅ ጽሑፍም ብዕር መያዝም ስለማይሆንላቸው አፉ የሳቸው፣ እጁ የእኔ ነው። «ጉልበቴ ደህና ነው» ያሉትን ግን እጄ ጻፈው እንጂ አላመነውም።


አስመራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ

መልሱ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ለአሠሪዬ ለባለ ብስክሌት ሱቁ ጣሊያን «አባቴ ዳገቱ በዛብኝ ይላሉ» ብዬ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀ። በዳገት የሚያሳብብ ሰው ገና ብዙ ይነዳል አለኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ አምኜ ነው ዕቃውን የመረጥኩት።

አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ፤ ዘነቡ፣ አንቺም እዚህ ላይ እያዛጋሽ አትዝለዪ። ከፔዳሉ ጋር ያለው ባለ ጥርስ ብረት ሲያንስ ዳገት ይቀላል። ከኋላ ጎማ ላይ የተደረደሩት አምስቱ ግን የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ትልቁ ነው ቀላሉ። ሰው ሁሉ ትልቅ ብረት ሲያይ ከባድ ይመስለውና ዳገት ላይ በትንሹ ሲታገል ይውላል፤ እዚህ አስመራ እንኳ ስንቱን አይቻለሁ። የእርስዎ ብስክሌት የኋላ ትልቁ ሃያ ሁለት ጥርስ ነው። እሱ ለአስመራ ጎረምሳ እንጂ ለሬኮ ዳገት የተሠራ አይደለም። ሃያ ስድስት ያለውን ልኬልዎታለሁ። እግርዎ ብዙ ይዞራል፣ መንገዱ ይዘገያል፣ ትንፋሽዎ ግን ይተርፍልዎታል። ሰው ቢስቅ ይሳቅ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ዕቃውን የሚያደርስልዎ የዲላው ልጅ ወንድይፍራው ነው፤ እዚሁ አስመራ አብረን ነን፣ በጭነት መኪናው ወደ እናንተ ሊወርድ ነው። ለገና እመጣለሁ ያልኩት አልሆነልኝም። የተወዳዳሪዎቹ ብስክሌቶች በሙሉ በእኔ እጅ ናቸው፣ ጣሊያኑም ፈቃድ ሲሉት ጆሮው ይደፈናል። አይቀየሙኝ። ለፋሲካ አልቀርም።

ልጅዎ ታረቀኝ

ዘነቡ፣ ያን ነገረኛ እጅሽን ሰብሰብ አድርጊው። አባባ ደህና ነኝ ካሉ ደህና ናቸው።


ዲላ፣ ጥር 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለልጄ ለታረቀኝ

ወንድይፍራው ዕቃውን በደህና አድርሶልኛል፤ እናትህ ምሳ አብልታ ሸኘችው። ይርጋጨፌ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ገጠመልኝ። እሱም አንተ ሰው ሁሉ ይሳሳታል እንዳልኸው ተሳስቶ «ትልቁ ይከብድዎታል፣ በትንሹ ይውጡ» ብሎ ሲከራከረኝ ዋለ። ዳገት ላይ ወስጄ ራሱን አስነዳሁትና ተረታልኝ።

«ሬኮን ወጡት ወይ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ወጣሁት። ሳልወርድ ወጣሁት። እግሬ እንደ ስፌት መኪና ይዞራል፣ መንገዱ ግን አይሄድም። ቡና የተጫነች በቅሎ አልፋኝ ስትሄድ ባለቤቷ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ። አልተቀየምኩም። ከላይ ስደርስ ግን ትንፋሼ አልመለስ አለኝና ሰዎቹ እኔን ሲጠብቁ አንዱን መዝሙር ደጋግመው ዘመሩት። ስብከቱንም አሳጠርኩት። አንዲት አሮጊት «ዛሬስ ጌታ አዝኖልን በጊዜ ለቀቀን» ብላ ስታልፍ ሰማኋት።

ስለዚህ ከሃያ ስድስት የሚበልጥ ካለ እሱን ላክልኝ። ስስት አይምሰልህ። ሽማግሎቹ እስከ ፋሲካ ታግሠውኛል። እስከዚያ ድረስ ሳልወርድ እየወጣሁ ካዩኝ ሬኮ አትወሰድብኝም። ፋሲካን እዚያው ከእነሱ ጋር ለማክበር አስቤያለሁ፤ አንተም ቃልህን ጠብቀህ ብትመጣና ከኋላዬ ብትነዳ ደስታዬ ሙሉ ይሆናል። ቃልህ ያው ነው ወይ? እርግጡን ጻፍልኝ፤ እናትህ ቀን መቁጠር ጀምራለች። እኔም ጀምሬያለሁ።

አባትህ ባልቻ

አባባ «አንብቢልኝ» ሳይሉ ፖስታውን ላሽገው ነው። ግራ እግራቸው ከፔዳሉ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራቸዋል። ትናንት በግራ እጃቸው የያዙትን ኩባያ ጣሉና «ፈጀኝ» አሉ። የያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ቀልዱን ተወውና ና። — ዘነቡ


አስመራ፣ የካቲት 17 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ

የጠየቁኝን ሃያ ስምንት ጥርስ አገኘሁልዎት። የድሮው ማርሽ መቀየሪያ ክንዱ አጭር ስለሆነ ይህን ያህል ትልቅ ብረት አይችልም፤ ረጅሙን መቀየሪያ አብሬ ልኬያለሁ፣ ረዘም ያለ አዲስ ካቴናም ጨምሬያለሁ። ጠጋኙ የድሮውን ካቴና ቢገጥምልዎ ትልቁ ላይ ሲደርስ ይወጠርና ይበጠሳል፤ እንዳይፈቅዱለት። ከዚህ የሚበልጥ ጥርስ እኛ ሱቅ የለም። ከዚህ በላይ በቅሎ ነው።

እግርዎ እንደሚንሸራተት ሰምቻለሁ፤ ማን እንደነገረኝ አይጠይቁ። ተወዳዳሪዎቹ እግራቸውን ከፔዳል ጋር የሚያስሩበት ጠፍር አለ፣ እሱንም ጨምሬያለሁ። ጠበቅ አያድርጉት፤ ሲወድቁ እግርዎ መላቀቅ አለበት።

አባባ፣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዳገቱ ያው የድሮው ዳገት ነው። አምና በሃያ ሁለት ይወጡት ነበር፤ ዘንድሮ ሃያ ስድስትም አልበቃ አለ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ አሰብኩበትና ፈራሁ። እባክዎ ሐኪም ይዩ። እኔ የማውቀው የብረቱን ነው፣ የሰውነትዎን ሐኪም ይይልኝ።

ስለ ፋሲካ እርግጡን ንገረኝ ላሉኝ ደግሞ እርግጡ ደስ አይልም። በበዓሉ ሰሞን እዚህ ትልቅ ውድድር አለና ጣሊያኑ ከለከለኝ። ጥዬ ብሄድ ቦታዬን ለሌላ ይሰጠዋል። ከፋሲካ በኋላ ግን እመጣለሁ። አውቃለሁ፣ ለገናም እንዲሁ ብዬ ነበር። እማማን እርስዎ ያረሳሱልኝ።

ልጅዎ ታረቀኝ


ዲላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለታረቀኝ ባልቻ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እጅግ በጣም ደህና ነኝ። የላክህልኝ ዕቃ ሁሉ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ሐኪም ይዩ ላልኸኝ፣ የሚያሳይ ነገር የለኝም። ማርሹም እጅግ በጣም ተስማምቶኛል። የሬኮን ዳገት በትንሿ ጥርስ ቀለል አድርጌ እወጣዋለሁ፤ ትልቁ ግን ስለሚከብደኝ ለቁልቁለት ብቻ አድርጌዋለሁ። ለፋሲካ ስለማትመጣ አልተቀየምኩም። እናትህም ዘነቡም ደህና ናቸው። ስለ እኔ ምንም ሳታስብ ሥራህን በርትተህ ሥራ።

አባትህ ባልቻ


አስመራ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1960 ዓ.ም.

ዘነቡ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እጁም አፉም ያንቺ ነው። አባባ ከጠጋኝ ጋር ተከራክረው የረቱበትን ነገር ዛሬ ገልብጠው አይነግሩኝም። ትንሿ ጥርስ ዳገት ላይ ጎረምሳ ታስለቅሳለች። ትልቁን ለቁልቁለት የሚል ሰው ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። «እጅግ በጣም ደህና ነኝ» የሚል ቃልም ከአባባ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለፋሲካ እንደማልመጣ ነግሬያቸው በአንዲት ቃል እንኳ ሳይወጉኝ ያልፋሉ ብለሽ ነው? ከታች የምትጨምሪያት ነገርም ዛሬ የለችም።

ወንድይፍራው እናቱ ሞታ ሳለች ዘመዶቹ ብዙ ወራት በስሟ ሲጽፉለት ኖረዋል። «ዓይኗን አሟት ነው እንጂ ደህና ናት» ይሉት ነበር። በመጨረሻ «ታማለች ና» የሚል ቴሌግራም መጣለት፤ ሲደርስ መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ አገኘው። አንቺም እንዲህ እያደረግሽኝ ነው?

በእግዚአብሔር ስም፣ አባባ አሉ ወይስ የሉም? አንዱን ቃል ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ታረቀኝ


ዲላ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድሜ ታረቀኝ፣

አሉ። አባባ በሕይወት አሉ። የጠየቅኸኝን ቃል አስቀደምኩልህ፤ የቀረውን ተቀምጠህ አንብበው።

በመጋቢት መግቢያ፣ ያንተ ሃያ ስምንት ተገጥሞላቸው ሬኮን በደህና ወጥተው ሲመለሱ ከብስክሌቱ ወደቁ። የወደቁት ዳገትም ቁልቁለትም ላይ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ነው። ሰዎች በቃሬዛ አመጡልን። ሐኪሙ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሷል አለን። ከዚያ ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አፋቸውም ቃል አያወጣም። ይሰማሉ ግን። የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ በቀኝ እጃቸውም ያመለክታሉ። ስምህን ስጠራ በሩን ያያሉ።

እማማ «ልጄ በሰው አገር ደንግጦ አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ፣ እንደ ወትሮው ጻፊለት» አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ጻፍኩ። የብረቱን ነገር ያስረዳህበትን ደብዳቤ ሳነብላቸው እውነትም እያዛጋሁ ነበር። ይቅር በለኝ። አባባ አጠገቤ ተኝተው እያዩኝ ነው በስማቸው የዋሸሁት፤ ጽፌ ስጨርስ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ «አባት ታመዋል ቶሎ ና» ብዬ ቴሌግራም አስመታሁ። ከቴሌ ወጥቼ መንገድ ላይ ነው የደነገጥኩት፤ ለሞተ ሰውም የምንልከው ይህንኑ ቃል ነው። ሌላ ምን ቃል አለን? የታመመውም ታመመ ነው፣ የሞተውም ታመመ ነው። አሁን ይህን የምጽፍልህ ያንን እንዳታምን ነው። ወይም እንድታምን ነው፤ እኔ እንጃ፣ ራሴም ግራ ገባኝ።

አንድ ጊዜ ዋሽቼሃለሁና እውነቴን ውሸት ታደርግብኝ ይሆናል። እባክህ አታድርግ። ሐኪሙ ብዙ አይቆዩም ብሏል። ሥራው ቢቀር ይቅር፤ ና።

እህትህ ዘነቡ


አስመራ፣ ግንቦት 7 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአቶ ይርጉ

ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ለወይዘሮ አልጣሽ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲያነቡላት እለምንዎታለሁ። በዘነቡ በኩል ያልላክሁት ጠልቻት አይደለም፤ አንብባ ከእናቴ ትሸሽገዋለች ብዬ ነው።

እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቴሌግራሙን ለወንድይፍራው አሳየሁት፤ በማግስቱ ያገራችንን ልጆች ሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ ቤቴ መጣ። በሩን ስከፍትላቸው ማንም ሳይናገር ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምረው አልተለዩኝም፤ አብረውኝ አለቀሱ፣ አብረውኝ አደሩ። ጣሊያኑም መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሐዘኑ በወጉ ተቀምጦልኛል፣ በዚህ አትጨነቂ።

የዘነቡ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ደረሰኝ። «መናገር ነው ያቃታቸው እንጂ ይሰማሉ» ትለኛለች። ለወንድይፍራው አሳየሁት፤ ራሱን ነቅንቆ «ለእኔም ዓይኗን ነው ብለውኝ ነበር» አለ። አልተቀየምኳትም። ሐዘኑን በትንሽ በትንሹ ልታጎርሰኝ ብላ ነው። ይብቃት በያት፤ አልቅሼ ወጥቶልኛል።

አባባ፣ ሬሳዎ አጠገብ ቆሜ የምለውን እዚህ ልበለው። ብስክሌት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ገበያው ሜዳ ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው ሲሮጡ፣ ሰው «ወንጌላዊው አበደ» ሲል፣ እርስዎ «ወደ ፊት እይ፣ ወደ ፊት» ይሉኝ ነበር። ወደ ፊት ሳይ ሳይ አስመራ ደረስኩ፣ ዞሬም አላየሁዎትም። በሕይወት ሳሉ እወድዎታለሁ ብዬዎት አላውቅም፤ በቤታችን እንዲህ አይባልም። ይኸው አሁን አልኩት። ልጄ ይዞት ይምጣ ያሉኝን ዕቃ በሰው እጅ ላክሁ። እርስዎ እኔን ጠየቁኝ፣ እኔ ብረት ላክሁልዎት። ሌላ የምለው የለኝም።

እማማ፣ መቼ ትመጣለህ አትበዪኝ። ቀብሩ አልፏል። አሁን እንደ ወፍ ብበር አፈሩን እንጂ ፊታቸውን አላገኝም። ለማን ብዬ እቸኩላለሁ? የዓመቱ ውድድር ሲያልቅ ሰኔ ላይ እመጣለሁ።

ልጅሽ ታረቀኝ


ዲላ፣ ግንቦት 29 ቀን 1960 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት እኔ ሕፃናቱን ላስተምር ወጥቼ ነበር። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚነበበው አባባ አልጋ አጠገብ ነው፤ ሌላ ደስታ አልነበራቸውምና። አቶ ይርጉም እንደ ልማዱ እዚያው ተቀምጠው፣ እንዳዘዝካቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ላይ ሲደርሱ እማማ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ይርጉ ምን እንደያዙ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ሊያጥፉት ሲሉ አባባ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ቀጥል ማለታቸው ነበር። የማያነቡላቸው ቢሆን ያን እጅ አያወርዱትም ነበር ይላሉ አቶ ይርጉ፤ እኔም አባባን ስለማውቃቸው አምናለሁ።

ሁሉንም ሰሙት። የራሱን ለቅሶ በጆሮው የሰማ ሰው ከአባባ በቀር አላውቅም። የገበያው ሜዳ ጋ ሲደርስ በአንድ ወገን ፊታቸው ሳቁ፤ ሌላው ወገን አልታዘዘላቸውም። እወድዎታለሁ የሚለውን በጣታቸው እያመለከቱ አስደገሙት። አቶ ይርጉ ሽማግሌ ሰውዬ እያለቀሱ ደገሙላቸው። «ለማን ብዬ እቸኩላለሁ» የሚለው ሲነበብ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ስመለስ እንዳዞሩ ነበሩ።

በዚያኑ ዕለት ልጽፍልህ ወረቀት አወጣሁ። አሉ፣ ና፣ እመነኝ ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። ያንን ጽፌልህ አልነበር? ሌላ ቴሌግራም ላስመታም ወጣሁ፤ ምን ብዬ? «አልሞቱም» የሚል ቴሌግራም ማን ያምናል? አባባን በአካል አይቶ መጥቶ የሚነግርህ ሰው ስፈልግ ሰነበትኩ፤ ወደ አስመራ የሚሄድ ሰው ግን አላገኘሁም።

ልቆጣህ ፈልጌ ነበር፣ ቁጣውም አለ። ግን መጀመሪያ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። እማማም ለልጇ ብላ ነው። የወንድይፍራው ዘመዶችም ለእሱ አዝነው ነው። ሁላችንም አዝነን አዝነን አባባን ሳያዩህ ቀበርናቸው። አንተም ባትዘገይ ኖሮ ደብዳቤም ባላስፈለገ፤ ይህንን ሳልልህ ባልፍ ዛሬም ዋሸሁህ ማለት ነው።

ለወንድይፍራው ልጻፍ ብዬም ነበር፤ እንደ ወጉ ሰው ይዞ፣ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ በአፉ እንዲነግርህ። ምን ብሎ ይምጣ? አንድ ጊዜ መጥተው፣ አልቅሰው፣ አስተዛዝነውህ ሄደዋል። ለአንድ አባት ሁለት ጊዜ መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ወግ አፍርሼ በወረቀት እኔው እነግርሃለሁ፤ አባባ ትናንት ረፋድ ላይ አረፉ። ዛሬ ቀበርናቸው፣ የሬኮ ሰዎችም በእግራቸው መጥተው ነበር። ይህኛውን እመነኝ።

ዘነቡ